የሞላ እንስራ

ኮምቦልቻ ውስጥ የውሃ ፓምፕ፣ የወፍጮ ሞተርና ጄኔሬተር በሚጠገንበት አንድ አነስተኛ ሱቅ ሽቦ ስጠቀልል ዓመታት አልፈዋል። በእነዚህ ሁሉ ዓመታት እንቅልፍ የነሳኝ ሥራ የአንድ መምህር ብስክሌት ነው ብዬ ስናገር ግን የሚያምነኝ ሰው እስካሁን አላገኘሁም።

መምህሩ የሒሳብ አስተማሪ ናቸው። ቤታቸው ደሴ ሆጤ አካባቢ ሲሆን የሚያስተምሩት እዚህ ኮምቦልቻ ነው። ጧት ጧት በማውንቴን ብስክሌታቸው ቁልቁለቱን ይመጣሉ፤ ማታ ግን ብስክሌቷን ሚኒባስ ጣሪያ ላይ አስጭነው፣ ለራሳቸውም ለእሷም ከፍለው ይመለሳሉ። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ተቀምጣለች፤ ኮምቦልቻ ከእሷ 600 ሜትር ያህል ዝቅ ትላለች። ይህን ከፍታ በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ፣ ያውም ቀኑን ሙሉ ጠመኔ ይዞ ቆሞ ከዋሉ በኋላ፣ በፔዳል መውጣት ፀጉሩ ለሸበተ ሰው የሚመከር አይደለም።

«ደመወዜን የማይጨርስ ሞተር ካላችሁ ግጠሙልኝ» ብለው ገቡ።

አለቃዬ በዚያው ሰሞን ከአንድ ነጋዴ በዕዳ ምትክ የተረከባቸው ሁለት የብስክሌት ሞተር ኪቶች ነበሩት። ሁለቱም የኋላ ሞዞ ላይ፣ ማለትም የጎማው መሐል እምብርት ላይ የሚገቡ፣ በውስጣቸው ማርሽ የሌላቸው፣ እያንዳንዳቸው ሰባት ኪሎ ያህል የሚመዝኑ ሞተሮች ሲሆኑ፣ ካርቶናቸው ላይ «1000 ዋት» የሚል ጽሑፍ መዳፍ በሚያህል ፊደል ታትሞ ነበር። አለቃዬ ሰው የሚገዛው ቁጥር ነው ብሎ ያምናል። አንዱን ካርቶን ከመደርደሪያ አውርዶ፣ አቧራውን በክንዱ ጠርጎ፣ ቁጥሩን ወደ መምህሩ አዙሮ አስቀመጠው።

ዝም ማለት ይገባኝ ነበር፤ አልቻልኩም። ማርሽ አልባ ሞተር የሚዞረው ከጎማው እኩል ነው። ሜዳ ላይ ጎማው ሲፈጥን ሞተሩም ይፈጥናል፤ ነገር ግን ቀጥ ያለ ዳገት ላይ ፍጥነቱ በሰዓት ወደ 10 ኪሎ ሜትር ሲወርድ፣ ለ40 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የተጠቀለለው ሽቦ ከባትሪው ከሚስበው ኃይል ብዙውን ወደ ሙቀት ይለውጠዋል። የተቃጠለ ቫርኒሽ ሽታ ምን እንደሚመስል ከእኛ ሱቅ በላይ የሚያውቅ ስለሌለ፣ ይህንኑ በመምህሩ ፊት ተናገርኩ። ለዳገት ከሁሉ የሚሻለው ፔዳሉ ላይ የሚታሰረው፣ እንደ ቻይናው ባፋንግ ባለ 750 ዋት ያለው ሞተር እንደሆነም ገለጽኩላቸው፤ እሱ ኃይሉን የሚያስተላልፈው በብስክሌቷ በራሷ ማርሾች በኩል ስለሆነ፣ ዳገት ላይ ማርሽ ቀንሶ እንደ መኪና ይወጣል። ዋጋው ግን በካርቶኑ ውስጥ ካለው እጥፍ ነበር፤ ካቴናም ቶሎ ይበላል። መምህሩ ዋጋውን ሲሰሙ ፈገግ ብለው ጣሪያውን አዩ።

ስለዚህ መሐል ላይ ያለውን አቀረብኩ፤ ይኸውም በ48 ቮልት የሚሠራ፣ በሆዱ ውስጥ ጥቃቅን ማርሾች ያሉት 500 ዋት የሞዞ ሞተር ነው። ጎማው አንድ ጊዜ ሲዞር ሞተሩ አምስት ጊዜ ያህል ስለሚዞር፣ ብስክሌቷ እየተንፏቀቀች እንኳ እሱ በሚስማማው ፍጥነት ይሠራል።

አለቃዬ የመጨረሻውን ካርታ መዘዘ።

«የእኔ ሞተር ቁልቁለት ላይ ራሱ ዲናሞ ይሆናል። ባትሪውን እየሞላ፣ ጎማውንም እየያዘ ነው የሚወርደው። ያንተ ይህን ያደርጋል?»

አያደርግም። ባለ ማርሹ ሞተር ቁልቁለት ላይ ጎማውን ለቅቆ በነፃ ያስኬደዋል፤ ኃይል አይመልስም፣ አይዝም። እኔ ግን መልስ ነበረኝ። የ48 ቮልት ሊቲየም ባትሪ 13 ሴሎች በተርታ የተያያዙበት መሆኑን፣ ሲሞላ 54.6 ቮልት እንደሚደርስ፣ ከዚያ በላይ ሲመጣበት በውስጡ ያለው መቆጣጠሪያ በሩን እንደሚዘጋ ላስረዳ ጉሮሮዬን ስጠርግ፣ መምህሩ ክፍል ውስጥ ጫጫታ እንደሚያስቆሙ ሁሉ እጃቸውን አነሡ።

«እስኪ ቆይ፣ አንተ ልጅ። እኔ ሌሊቱን ቤቴ ስሞላው አድሬ፣ ጧት ቁልቁለቱን ስጀምር ባትሪው ሙሉ ነው አይደል?»

«አዎ መምህር።»

ወደ አለቃዬ ዞሩ። «የሞላ እንስራ ላይ ውሃ ቢጨምሩበት ወዴት ይሄዳል?»

ሱቁ ጸጥ አለ። አለቃዬ «ወላሂ መምህር፣ እንስራና ባትሪ ምን አገናኛቸው!» ብሎ ለመሳቅ ሞከረ፤ ሳቁ ግን አልወጣለትም። ካርቶኑን አንሥቶ ወደ መደርደሪያው መለሰው፤ ሲመልሰው «1000 ዋት» የሚለውን ጎን ወደ ግድግዳው አዙሮ ነበር። እኔም በድሉ ደስ እያለኝ፣ ያዘጋጀሁት የ13 ሴል ማብራሪያ በአንድ እንስራ መከደኑ ትንሽ አብግኖኝ ነበር።

ቀጥሎ የባትሪውን መጠን በሽቦ ካርቶን ጀርባ ላይ አሰላሁ። ሰውየው፣ ብስክሌቷ፣ ሞተሩና ባትሪው ተደምረው 100 ኪሎ ቢሆኑ፣ ያንን 600 ሜትር ከፍ ለማድረግ ብቻ 163 ዋት ሰዓት ይጠይቃል፤ የጎማው ፍትጊያ፣ ነፋሱና በሞተሩ ውስጥ በሙቀት የሚባክነው ሲጨመር፣ ፔዳል ሳይነካ ለሚወጣ ሰው 350 ገደማ ይደርሳል። 48 ቮልት በ13 አምፔር ሰዓት ሲባዛ 624 ስለሚመጣ ከበቂ በላይ ነው አልኩ። መምህሩ እስክሪብቶውን ከእጄ ወስደው ስሌቱን ከላይ እስከ ታች ተከተሉትና «የተማሪ ደብተር አልደመርክም» ብለው አራት ኪሎ ጨመሩበት። ያም ቢሆን ይበቃል ተባለ፤ ተስማማን።

ስለ ገጠማው ብዙ የምለው የለኝም። የሞተሩ ዘንግ በሹካው ጉሮሮ ውስጥ ዞሮ ሽቦውን እንዳይቀነጥስ፣ ከ6 ሚሊ ሜትር ላሜራ ሁለት መያዣ አስቆርጬ ግራና ቀኝ አሰርኩ። ዛሬም ድረስ አልተነቃነቁም። መምህሩ በመጀመሪያው ማታ ከደሴ ደውለው ሸሚዛቸውን ሳይቀይሩ እራት መቅረባቸውን ነገሩኝ። አለቃዬ አጠገቤ ስለነበር ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጌው ነበር።

በሦስተኛው ሳምንት የፍሬን ላስቲካቸው አልቆ መጡ። ተራ ነገር ስለሆነ ቀየርኩላቸው። ሳይቆዩ ተመለሱ፤ ላስቲኩ እንደገና አልቋል። «ታች ስደርስ ቸርኬው በእጅ አያስነካም» አሉኝ። ብስክሌቷ ቸርኬውን ግራና ቀኝ ጨምቆ የሚይዝ ፍሬን እንጂ ዲስክ መቀበያ የላትም። እኔ ደግሞ የሞተርና የባትሪ ክብደት ጨምሬባት፣ ቁልቁለት ላይ ምንም የማይዝ ሞተር ገጥሜላታለሁ። የዳገቱን ነገር እስከ ደብተሩ ክብደት ድረስ አስልተን፣ ስለ ቁልቁለቱ ግን ከዚያች እንስራ በኋላ አንድም ቃል አልተናገርንም።

ያን ዕለት ሌሊት እንስራው መጣብኝ። እንስራው መሙላቱን ማን ግድ አለን? መምህሩ በቀን የሚወጡት አንድ ዳገት ነው፤ ለእሱ 350 ይበቃል፤ ባትሪው 624 ይይዛል። ከቤታቸው ሲወጡ ሰማንያ በመቶ ብቻ ሞልተውት ቢሆን ኖሮ፣ ለማታው ዳገት ሳይጎድልባቸው ከ120 ዋት ሰዓት በላይ ባዶ ቦታ ይተርፍ ነበር። ቁልቁለቱ ከነሙሉ ከፍታው የሚሰጠው ያው 163 ሲሆን፣ ፍትጊያውና ነፋሱ ድርሻቸውን ወስደው፣ ሞተሩም የራሱን አባክኖ ባትሪው ደጅ የሚደርሰው ከግማሹ አይበልጥም። ጎደሎው እንስራ ያንን ሁሉ ይቀበል ነበር፤ የአለቃዬ ማርሽ አልባ ሞተርም እሱ እንዳለው ጎማውን እየያዘ፣ ፍሬኑን እያሳረፈ ይወርድ ነበር። ስሌቱ ሁሉ በራሴ እጅ፣ በዚያው ካርቶን ላይ ተጽፎ ነበር፤ የጎደለው አንድ መቀነስ ብቻ ነው። መምህሩም የሒሳብ ሰው ሆነው አላዩትም፤ ምናልባት እንስራዋ እሳቸውንም ደስ አሰኝታቸው ይሆናል።

እርግጥ ያ ሞተር ዳገቱ ላይ ይግል ነበር፤ ይህን ዛሬም አልለቅም፣ ምክንያቱም ከለቀቅኩት በእጄ የሚቀር ነገር የለኝም። ለአለቃዬ ግን የሌሊቱን ስሌት እስከ ዛሬ አልነገርኩትም። ቢሰማ ካርቶኑን ዕለቱኑ አውርዶ ቁጥሩን ወደ እኔ አዙሮ ያስቀምጠዋል፤ ከዚያም በየሻይ ሰዓቱ እንስራ ሲነሣ መኖሬ ነው። ለመምህሩ የተሻለ ላስቲክ ፈልጌላቸዋለሁ፤ ቁልቁለቱን ፍሬን ጨብጠው ከመውረድ እየያዙና እየለቀቁ እንዲወርዱ፣ መሐል ላይም ቆመው ቸርኬውን እንዲያበርዱ ነግሬያቸዋለሁ። ለደብተር እርማት ጥሩ ጊዜ እንደሆነላቸው ይናገራሉ።

ባለፈው ሐሙስ እንደገና መጡ። አለቃዬ ከአንድ የወፍጮ ሞተር ኩችኔታ እያወጣ ስለነበር ቀና ሳይል «የመምህር ላስቲክ ስንተኛው ነው?» ብሎ ጠየቀ።

«ሁለተኛው» አልኩ።

አራተኛው ነበር። መምህሩ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው ለአፍታ አዩኝ፤ ከዚያም ምንም ሳይናገሩ ሒሳባቸውን ከፍለው ወጡ።