ከርዕሱ የቆረጥኳቸው ሦስት ቃላት

ቅዳሜ ጠዋት ነበር፤ ጥር 18 ቀን 2016 ዓ.ም.። ቢሮ የገባነው ሦስት ሰዎች ብቻ ነን። የዜና ክፍሉ ስልክ ጮኸ፤ አነሳሁት። ሴት ናት። አማርኛዋ ውስጥ የትግርኛ ቃና አለ። ሰላምታም አላበዛችም።

«እህቴ፣ እርዳታው ቆመ የሚባለው እውነት ነው?»

«የቱ እርዳታ?»

«የስደተኞቹ ነዋ። ማታ ያወጣችሁት እናንተ ናችሁ።»

ኤርትራዊት ስደተኛ ናት። ሦስት ልጆቿን ይዛ አዲስ አበባ ቤት ተከራይታ ትኖራለች። ከተመድ የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን በየወሩ የምታገኛት ትንሽ ድጋፍ አለች። የቤት ኪራዩ ከዚያች ላይ ነው የሚከፈለው። ማታ የጎረቤቷ ልጅ ስልኩ ላይ ያለውን ዜና አነበበላት። ከዚያ በኋላ እንቅልፍ በዓይኗ አልዞረም።

ዜናውን የጻፍኩት እኔ ነኝ።

መደንገጧ ያለ ምክንያት አልነበረም። ገና ባለፈው ዓመት ሰኔ ላይ፣ እህሉ ለታለመለት ሰው እየደረሰ አይደለም ተብሎ፣ የዓለም ምግብ ፕሮግራምና የአሜሪካ የተራድኦ ድርጅት በኢትዮጵያ የምግብ እርዳታ አቁመው ነበር። በመጠለያ ጣቢያ ያሉ ስደተኞችም ለወራት ራሽን አላገኙም። እንዲህ ያለ ነገር ያየ ሰው «ገንዘቡ ተቋረጠ» የሚል ርዕስ ሲሰማ ዝርዝሩን አይጠብቅም።

ዓርብ ማታ ተረኛ ነበርኩ። በዚያ ዕለት የኡንርዋ፣ ማለትም የተመድ የፍልስጤም ስደተኞች ድርጅት፣ ዋና ኮሚሽነር ፊሊፕ ላዛሪኒ መግለጫ አወጡ። የተወሰኑ ሠራተኞቻቸው እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 7 ቀን 2023 በእስራኤል ላይ በተፈጸመው ጥቃት እጃቸው አለበት የሚል መረጃ ከእስራኤል ባለሥልጣናት እንደደረሳቸው ተናገሩ። የሰዎቹ ውል ወዲያው እንዲቋረጥና ምርመራ እንዲጀመር ማዘዛቸውንም ገለጹ። ወዲያው አሜሪካ 12 ሠራተኞች መወንጀላቸውን ጠቅሳ፣ ተጨማሪ ገንዘብ መስጠቷን ለጊዜው ማቆሟን አሳወቀች። የውጭ ዜና ወኪሎቹ በየደቂቃው ይልካሉ። እኔ ደግሞ ማንም ሳይቀድመኝ ማውጣት ፈልጌያለሁ።

መጀመሪያ የጻፍኩት ርዕስ ልክ ነበር። «በሐማስ ጥቃት ተሳትፈዋል የተባሉ ሠራተኞች ያሉት የተመድ የፍልስጤም ስደተኞች ድርጅት የአሜሪካ ገንዘብ ለጊዜው ተቋረጠበት» ይላል። ግን ረዝሞ የርዕሱ ሳጥን ውስጥ አልገባ አለኝ። «የፍልስጤም» የሚለውን አወጣሁ። አሁንም አልገባ አለ። «ለጊዜው» የሚለውን ሰረዝኩ። ትንሽ ቀረው። «ተሳትፈዋል የተባሉ» የሚለውን «የተሳተፉ» አደረግኩት። ገባ። ላክሁትና ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ዋና አዘጋጃችን ረፋዱ 4 ሰዓት ላይ መጣ። ሁላችንም «ጋሼ» ነው የምንለው። ስልኩን ነገርኩት። ዜናውን ከፍቶ አነበበ፤ ከዚያ ወንበር ስቦ አጠገቤ ተቀመጠ። ይቆጣኛል ብዬ ነበር። አልተቆጣም።

«ርዕሱ እንዴት ነበር መጀመሪያ?» አለኝ። ወረቀት ላይ ጻፍኩለት። እስክሪብቶውን አንስቶ የቆረጥኳቸውን ሦስቱን ቃላት አንድ በአንድ ከበባቸው።

«ልጄ፣ ዜናውን እኮ ነው የቆረጥሽው» አለኝ።

ከ«የፍልስጤም» ጀመረ። እውነቱን ለመናገር እስከዚያ ቀን ድረስ ኡንርዋን የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽኑ ቅርንጫፍ አድርጌ ነበር የማስበው። አይደለም። እንዲያውም በዕድሜ ኡንርዋ ይበልጣል። የተመድ ጠቅላላ ጉባኤ ያቋቋመው እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1949 ነው። ሥራ የጀመረው በሜይ 1950 ነው። ከፍተኛ ኮሚሽኑ ሥራ የጀመረው ደግሞ በ1951 መጀመሪያ ላይ ነው። ኡንርዋ የሚሠራው በአምስት ቦታዎች ብቻ ነው፤ በጋዛ፣ ምሥራቅ ኢየሩሳሌምን ጨምሮ በዌስት ባንክ፣ በዮርዳኖስ፣ በሊባኖስና በሶርያ። በመዝገቡ ላይ ያሉት በ1948ቱ ጦርነት ቤታቸውንና መተዳደሪያቸውን ያጡ ፍልስጤማውያንና ልጅ ልጆቻቸው ናቸው። ሥራ ሲጀምር 750,000 ገደማ ነበሩ። ዛሬ ወደ 5.9 ሚሊዮን ደርሰዋል።

ጭቅጭቁ የሚጀምረውም እዚህ መዝገብ ላይ ነው። እስራኤልና ደጋፊዎቿ፣ ስደተኝነት ከአባት ወደ ልጅ እንዲወረስ አድርጎ ችግሩ እንዳይዘጋ ያደረገው ይህ ድርጅት ነው ይላሉ። ፍልስጤማውያን ደግሞ፣ ችግሩ ያልተዘጋው የፖለቲካ መፍትሔ ስለታጣ ነው፤ ድርጅቱን መዝጋት የመመለስ ጥያቄያችንን ለመቅበር ነው ይላሉ። ይህን ሁሉ ታሪክ የያዘችው «የፍልስጤም» የምትለዋ ቃል ናት። እኔ ግን ለሳጥን ስል አወጣኋት።

ሌላም ነገር አለ። ኡንርዋ ለምግብና ለድንኳን ብቻ የቆመ ድርጅት አይደለም። ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያ ያስተዳድራል። 30,000 ገደማ ሠራተኞች አሉት፤ አብዛኞቹ ራሳቸው ፍልስጤማውያን ስደተኞች ናቸው። ጋዛ ላይ ብቻ 13,000 ያህል ነበሩ። ገንዘቡ ከሞላ ጎደል በሙሉ ከአገራት ፈቃድ የሚመጣ ነው። ስለዚህ ፖለቲካው ሲሞቅ መጀመሪያ የሚነካው ካዝናው ነው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2018 አቋረጠች፣ በ2021 መለሰች፣ ያን ዓርብ ደግሞ እንደገና አቆመች።

ከዚያ ጋሼ «የተባሉ» ላይ ጣቱን አሳረፈ።

«ይቺን ያወጣሻት ዕለት ዳኛ ሆነሻል» አለኝ። «ከሳሽ አለ። ተከሳሽ አለ። ምርመራው ገና ትናንት ነው የታዘዘው። አንቺ ግን ፈርደሽ ወደ ቤትሽ ሄደሻል።»

መልስ አልነበረኝም።

ርዕሱን አስተካክለን እርማት አወጣን። ስህተቱ ምን እንደነበር በግልጽ ጻፍን። ያኔ ደግሞ ሌላ ጣጣ መጣ። ከእስራኤል አንድ ቤተ እስራኤላዊ አንባቢያችን ጻፈልን። «‹የተባሉ› ስትሉ የእኛን ሞት እያቃለላችሁ ነው» ይላል። ከኢትዮጵያ ወደ እስራኤል የሄደው አበራ መንግሥቱ እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ ጋዛ ውስጥ ተይዞ እንደሚገኝም አስታወሰን። (አበራ የተለቀቀው ከዓመት በኋላ፣ በፌብሯሪ 2025 ነው።) በዚያው ሰዓት አንዲት የአዲስ አበባ አንባቢ ደግሞ «ለምን የአሥራ ሁለት ሰዎችን ክስ ከሺዎች ሞት አስበልጣችሁ ታወራላችሁ?» ስትል ጻፈች። ሁለቱንም ደጋግሜ አነበብኳቸው። ሁለቱም የተጎዳ ሰው ድምፅ አላቸው። እኔ ግን «የተባሉ»ን ለማንም ብዬ መልሼ እንደማላወጣ የወሰንኩት ያኔ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለውን ጉዳይ ቃል በቃል ተከታተልኩት። በኤፕሪል 2024 የቀድሞዋ የፈረንሳይ ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ካትሪን ኮሎና የመሩት ገምጋሚ ቡድን ሪፖርት ወጣ። እስራኤል ብዙ የኡንርዋ ሠራተኞች የሽብር ድርጅት አባላት ናቸው ላለችው ማስረጃ እንዳላቀረበች ገለጸ። አንድ ባልደረባዬ «ኡንርዋ ነፃ ወጣ» ብሎ ርዕስ ሊሰጠው ነበር። አስቆምኩት። ያው ሪፖርት ሠራተኞች ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ የሚጽፉትን የፖለቲካ አቋም፣ የመማሪያ መጻሕፍትን ይዘትና የሠራተኛ ማኅበራትን ጉዳይ አንሥቶ ችግር እንዳለ ተናግሯል። 50 ምክረ ሐሳቦችንም አቅርቧል። የ12ቱ ሰዎች ጉዳይ ደግሞ ለብቻው ምርመራ ላይ ነበር።

የምርመራው ውጤት ኦገስት 5 ቀን ወጣ። ተመድ የ19 ሠራተኞችን ጉዳይ መርምሯል። በአንዱ ላይ ምንም ማስረጃ አልተገኘም። በዘጠኙ ላይ የቀረበው ማስረጃ በቂ አይደለም ተባለ። የቀሩት ዘጠኙ ግን በጥቃቱ «ተሳትፈው ሊሆን ይችላል» ተብለው ከሥራ ተሰናበቱ። በዚያ ቀንም እጄ «ተሳትፈዋል» ብሎ ሊጽፍ ነበር። አጭር ናት፤ ትጣፍጣለች። «ሊሆን ይችላል»ን እንዳለች አስገባኋት። ለሳጥኑ ስል ያወጣሁት ሌላ ነገር ነው፤ «ተመድ አስታወቀ» የሚለውን ወደ ዜናው አካል አወረድኩት።

ለ«ለጊዜው»ም የራሷ ታሪክ አላት። በዚያን ሰሞን ገንዘብ ካቆሙት ከአሥራ አምስት በላይ ለጋሾች አብዛኞቹ በወራት ውስጥ ተመለሱ። የአሜሪካው ግን አልተመለሰም። በማርች 2024 ምክር ቤቷ በሕግ ከለከለችው። በኦክቶበር የእስራኤል ፓርላማ ኡንርዋ በእስራኤል ግዛት እንዳይሠራ፣ ባለሥልጣናትም ከድርጅቱ ጋር እንዳይገናኙ የሚያግዱ ሁለት ሕጎች አጸደቀ። «ለጊዜው» የተባለው ነገር ለጊዜው አልሆነም። ያን ዓርብ ማታ ግን የተባለው እሱ ነበር፤ መጻፍ የነበረብኝም እሱን ነው።

ያን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ለሴትዮዋ መልሼ ደወልኩላት። ይቅርታ ጠየቅኳት። የእሷን ድጋፍ የሚሰጠው ድርጅት ሌላ መሆኑን፣ ዜናው የፍልስጤማውያኑን እንደሚመለከት፣ ስህተቱም የእኔ እንደሆነ ነገርኳት። «ተመስገን» አለች። ከዚያ ዝም አለች። ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሃሎ» አልኩ።

«አለሁ» አለችኝ። «የእነሱስ? የእነሱ ሊቆም ነው?»

«አዎ» ልል ነበር፤ ቃሉ ምላሴ ላይ ነበር።

«አሜሪካ ለጊዜው አቁሜያለሁ ብላለች» አልኳት። «ዛሬ ሌሎች አገሮችም ተከትለዋል። ይቁም አይቁም ግን ገና አልታወቀም።»

«ትምህርት ቤት አላቸው ብለሽኛል። ስንት ልጅ ይማራል?»

ከፊቴ ያለውን ወረቀት አየሁ። ከጦርነቱ በፊት ጋዛ ውስጥ በኡንርዋ ትምህርት ቤቶች የሚማሩት ወደ 300,000 ይጠጉ ነበር። ነገርኳት።

«አሁንስ ይማራሉ?»

«አሁን አይማሩም» አልኳት። «ክፍሎቹ ውስጥ የተፈናቀለ ሰው ነው ያለው።»