ሳይዲንጉን በከንቱ ስረግም ኖርኩ

ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው ቤታችን በ1980ዎቹ የተሠራ ነው። የውጭ ግድግዳው የለበሰው ከተጨመቀ የእንጨት ብናኝ የተሠራ ሳይዲንግ ነበር፤ ውሃ ከጠጣ የሚያብጥ ዓይነት። ስንት ጊዜ ቀባሁት፣ ስንት ጊዜ ስንጥቁን ደፈንኩ! ባለፈው ጸደይ ግን ከጋራዡ ጣሪያ አጠገብ በጣቴ ጫን ባደርገው ጣቴ ሰተት ብሎ ገባ። በቃ፣ ይነቀል አልኩ።

ሦስት ኮንትራክተሮች ጠራሁ። ሁለቱ «ቪኒል ነው የሚያዋጣህ» አሉኝ፤ የፕላስቲኩን ሳይዲንግ ማለታቸው ነው፤ ይረክሳል፣ ቀለም አይፈልግም፣ በውሃ ታጥቦ ያበቃል። አልዋሹም። እኔ ግን የጎረቤቴን ግድግዳ አይቻለሁ፤ ግሪሉን አስጠግቶ ሥጋ ሲጠብስ ቪኒሉ እንደ ሻማ ሟሙቶ ተጨማዶ ቀረ። እኛ ደግሞ በጋ ከመጣ ቡናውም ጥብሱም በከሰል፣ ያውም ደጅ ነው።

ፋይበር ሲሚንት መረጥኩ። ሲሚንቶ፣ አሸዋና የእንጨት ቃጫ ተደባልቆ የሚሠራ ነው፤ አይነድም፣ ምስጥም አይበላው። ክብደቱ ግን አይጣል ነው፣ የእጅ ዋጋው ይንራል፣ ሲቆረጥ የሚወጣው አቧራም ሲሊካ ስላለበት ለሳንባ መጥፎ ነው፤ ስለዚህ ልጆቹን ያን ሳምንት እህቴ ጋ ላክኋቸው። ፋብሪካ ቀብቶ የሚያመጣውን፣ ቀለሙ 15 ዓመት ዋስትና ያለውን ወሰድኩ።

ጉዱ የታየው አሮጌው ሲነቀል ነው። ከስሩ ያለው ፕላይዉድ ጠቁሮ እንደ ትምባሆ ይፈረፈራል። ለካ የጋራዡ ጣሪያ ጠርዝ ከግድግዳው በሚገናኝበት ጥግ፣ ውሃውን ወደ አሸንዳው የምትመልስ መዳፍ የምታህል የታጠፈች ቆርቆሮ መኖር ነበረባት። የለችም! ዝናቡ ያን ሁሉ ዓመት በሳይዲንጉ ጀርባ ሲወርድ ኖሯል። ቆርቆሮዋ ሳትገባ ሲሚንቱን ብለጥፍበት ኖሮ ውስጡ መበስበሱን ይቀጥል ነበር፣ እኔም ውጪው አማረ ብዬ እተኛ ነበር። አሁን ኮንትራክተር ሲመጣ ከዋጋው በፊት የምጠይቀው ስለዚያች ቆርቆሮ ነው።

በመጨረሻው ቀን ሠራተኞቹ የታችኛውን ረድፍ አፈሩ ላይ ሊያሳርፉት ደረሱ። መመሪያው ቢያንስ 6 ኢንች ከመሬት ከፍ ይበል ይላል። አለቃቸው የአገሬ ልጅ ነው፤ «ጋሼ፣ አበባ ሲተከልበት ማን ያየዋል?» አለኝ። አስነቀልኩት። አኩርፎ ሄደ፣ ግን አስተካክሎ ነው የሄደው።

የጓሮው ግድግዳ ገና ነው፤ ገንዘብ ሲጠራቀም።