ቆጣሪው ወደ ኋላ የዞረበት እሁድ

የምኖርበት ሕንፃ ምድር ቤት ውስጥ የአሥራ ሁለት ቤት የመብራት ቆጣሪ አንድ ግድግዳ ላይ ተደርድሯል። የኔ ከታች፣ ከግራ ሁለተኛው ነበር። አሮጌ ነው፤ መስታወቱ ውስጥ ቀይ ምልክት ያለባት ቀጭን ዲስክ ትዞራለች። መብራት ሲበዛ ትፈጥናለች፣ ሲቀንስ ትዘገያለች። በኤፕሪል 2025 አንድ እሁድ፣ ቀን ስድስት ሰዓት ላይ፣ በነጠላ ጫማ ወርጄ የስልኬን መብራት አበራሁባት። መጀመሪያ የቆመች መሰለኝ። ከዚያ ቀዩ ምልክት በቀኝ በኩል ብቅ አለ፤ ቀስ እያለ ወደ ግራ ሄደ። ወደ ኋላ እየዞረች ነው! ሦስቴ እስክትዞር ቆሜ ቆጠርኩ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ስትቆጥርብኝ የኖረች ቆጣሪ ለመጀመሪያ ጊዜ ቆጠረችልኝ።

ወደ ቤት የተመለስኩት እንባዬ ቀርቦ ነው። ለሁለት የፀሐይ ፓነል ይህን ያህል ምን ያስለቅሳል የምትሉ ካላችሁ፣ እዚያ ለመድረስ ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል።

ጀርመን ነው የምኖረው፤ ከፍራንክፈርት በባቡር አንድ ሰዓት የምትርቅ ከተማ። የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ እሠራለሁ። ቤቴ የኪራይ ነው፤ ሁለት ክፍል፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ወደ ደቡብ የዞረ በረንዳ። በ2022 የዩክሬን ጦርነት ሲጀመር የጋዙም የመብራቱም ዋጋ ሰማይ ነካ። በየወሩ የምከፍለው የመብራት ሂሳብ ከ48 ዩሮ ወደ 79 ወጣ። መንግሥት በ2023 ከተለመደው ፍጆታችን ለ80 በመቶው የኪሎዋት ሰዓቱን ዋጋ 40 ሳንቲም ላይ ገደበልን። ቢሆንም ሳንቲሙ ይሰማኝ ነበር። ሌሊት ሠርቼ የማገኘው ገንዘብ ነዋ።

ሶላር የቤት ባለቤቶች ነገር ይመስለኝ ነበር። ጣሪያ ያለው ይሠራል፣ የሌለው ያያል። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ናት «በረንዳ የለሽም እንዴ?» ያለችኝ። ጀርመኖች ባልኮንክራፍትቨርክ ይሉታል፤ የበረንዳ ኃይል ማመንጫ እንደማለት ነው። አንድ ወይም ሁለት ፓነል የበረንዳው ብረት ላይ ይታሰራል። ከጀርባው የፓነሉን ኃይል ቤት ወደሚጠቀምበት መብራት የምትቀይር፣ መጽሐፍ የምታክል ኢንቨርተር አለች። ከሷ የሚወጣው ገመድ ግድግዳው ሶኬት ላይ ይሰካል። በቃ፤ ፍሪጁ መጀመሪያ የፀሐይዋን ይጠጣል፣ የጎደለውን ከመስመር ይሞላል። ከ2023 መግቢያ ጀምሮ ደግሞ ቫቱ ዜሮ ሆነ። በማርች 2023 ባለ 430 ዋት ሁለት ፓነል፣ ኢንቨርተሯንና ማሰሪያውን ጨምሮ በ640 ዩሮ ገዛሁ።

ጣጣው ከዚያ ጀመረ። ያኔ ለመስመሩ ድርጅት ማሳወቅ ግዴታ ነበር። ማሳወቅ ብቻ መስሎኝ ፎርሙን ሞልቼ ላክሁ። መልሱ በሁለት ገጽ መጣ። ተራው ሶኬት አይሆንም፣ ቪላንድ የሚባለውን ልዩ ሶኬት ያስገቡ። እሱንም ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪሺያን ገጥሞ ይፈርምበት። ቆጣሪዎ ወደ ኋላ ሊዞር ስለሚችል መጀመሪያ ይቀየር፣ እስኪቀየር ድረስ እንዳይሰኩ። ሦስት ኤሌክትሪሺያን ደውዬ መልስ የሰጠኝ የለም። አራተኛው 380 ዩሮ አለኝ። ለአንዲት ሶኬት ከዕቃው ዋጋ ግማሽ በላይ! የቆጣሪ ለዋጩን ቀን ይነገርዎታል ተባልኩ። አልተነገረኝም። በዚህ ላይ አከራዬ የሆነው ድርጅት «የሕንፃውን ገጽታ ያበላሻል» ብሎ በአንድ መስመር ደብዳቤ ከለከለኝ።

ፓነሎቹ መኝታ ቤቴ በር ጀርባ 19 ወር ተቀመጡ። በጁን እዚህ ፀሐይዋ እስከ ማታ ሦስት ሰዓት ተኩል አትጠልቅም። ሳሎን ተቀምጬ በረንዳዬን ስታጥበው አያለሁ። ልተኛ ስሄድ ደግሞ በሩ ካርቶኑን እየገፋ አይከፈትም። የሚያንገበግብ ነገር ነው።

የመስመሩ ድርጅት የጻፈው ሁሉ ሐሰት ነው አልልም። የቤቱ ሽቦ አሮጌ ከሆነ፣ በአንድ ገመድ ከመስመርም ከፓነልም ኃይል ሲገባ ፊውዙ ሳያውቀው ሊግል ይችላል። ግን ልኩን እዩት። እንዲህ ያለ ዕቃ ቢበዛ የሚሰጠው 800 ዋት በ230 ቮልት ሦስት ተኩል አምፔር ገደማ ነው። ማንቆርቆሪያዬ ከዚያ በእጥፍ በላይ ይስባል። ሶኬቱ ሲነቀል ብረቱ ይነዝራል የሚለው ስጋትም አለ፤ ኢንቨርተሯ መስመሩን ካጣች በቅጽበት እንድትዘጋ ሆና ነው የተሠራችው። እኔ እንደሚገባኝ ዋናው ነገር ገንዘብ ነው። ምሰሶው፣ ትራንስፎርመሩ፣ ሠራተኛው ወጪያቸው አይቀንስም። ያ ወጪ የሚሰበሰበው ደግሞ በምንገዛው ኪሎዋት ሰዓት ላይ ተጨምሮ ነው። አንዱ ቤት ከቀነሰ ሌላው ላይ ይከብዳል ይላሉ። ስለ ትልልቅ ጣሪያ ከሆነ ክርክሩን እሰማለሁ። ግን ያ ሸክም የሚቃለለው ታሪፉን በግልጽ በማስተካከል እንጂ ተከራይን በፎርም በማድከም አይደለም።

ይህ የጀርመን ብቻ ጉዳይም አይደለም። ስፔን በ2015 ያወጣችው ደንብ ከፀሐይ አመንጥቶ ራሱ በሚጠቀም ሰው ላይ ክፍያ ጣለ። ሕዝቡ «የፀሐይ ግብር» ብሎ ስም አወጣለት፤ በ2018 ተሻረ። ብዙ ሐበሻ የሚኖርበት ላስ ቬጋስ ያለበት የኔቫዳ ግዛት ተቆጣጣሪ ደግሞ በ2015 መጨረሻ ትርፍ ኃይል ለሚሸጡ ቤቶች የሚከፈለውን ቀነሰ፣ ወርኃዊውን ቋሚ ክፍያ ጨመረ። ቀድመው የገጠሙትም አልቀረላቸውም። ቁጣ ተነሳ፤ በ2017 አዲስ ሕግ ወጥቶ የሻጩን ዋጋ ወደ ቀድሞው አቀረበው።

እዚህም ሕጉ ተንቀሳቀሰ። ከሜይ 16 ቀን 2024 ጀምሮ ኢንቨርተር እስከ 800 ዋት ተፈቀደ። የመስመሩን ድርጅት ማስታወቅ ቀረ፤ ኢንተርኔት ላይ በአገሪቱ መዝገብ መመዝገብ ብቻ ይበቃል። ወደ ኋላ የሚዞር ቆጣሪም እስኪቀየር ድረስ ይታለፋል ተባለ። በኦክቶበር 17 ቀን 2024 ደግሞ ለኛ ለተከራዮች የመጣው መጣ፤ አከራይ ያለ በቂ ምክንያት መከልከል አይችልም። በማግሥቱ አንቀጹን ጠቅሼ ደብዳቤ ጻፍኩ። በሦስት ሳምንት ፈቃዱ መጣ፤ በደንብ ይታሰር፣ የኃላፊነት ኢንሹራንስ ይኑርዎት ብሎ። ይህ ተገቢ ነው። አንዱ ፓነል ከ20 ኪሎ በላይ ነው፤ ከሦስተኛ ፎቅ ቢወድቅ ሰው ይገድላል።

በኖቬምበር ከሶርያዊው ጎረቤቴ ጋር ጣቶቻችን እስኪደነዝዙ ብሎን ስናጠብቅ ዋልን። ያን ቀን ጉም ነበር። ስሰካው መለኪያው 11 ዋት አለ። ለኔ በቂ ነበር።

አሁን ጥርት ባለ ቀን ወደ 640 ይደርሳል። ፍሪጁና ኢንተርኔቱ አንድ ላይ 120 ዋት ቢጠጡ ነው። የተረፈው ወደ መስመር ይሄዳል፤ ለሱ ሳንቲም አይከፈለኝም። ስለዚህ የቤቴን ሥራ ወደ ቀን አዛወርኩት። ልብስ ማጠቢያውን ስድስት ሰዓት ላይ፣ በ30 ዲግሪ። እንጀራ ድሮ ማታ ነበር የምጋግረው፤ አሁን እሁድ ቀትር ላይ ነው። ምጣዴ 2000 ዋት ይስባል። ፓነሎቹ ሲሶውን ይችሉልኛል። ሊጡን አዙሬ፣ እንጀራው ዓይን እያወጣ ሳለ ቀና ስል በመስኮቱ የፓነሉ ጠርዝ ይታየኛል።

በመጀመሪያው ዓመት 610 ኪሎዋት ሰዓት አመነጨሁ። ከሂሳቤ የቀነሰልኝ ወደ 390 ነው። በምከፍለው 35 ሳንቲም ሲባዛ 136 ዩሮ ይሆናል። አምስት ዓመት ሳይሞላ ዋጋውን ይመልሳል። ዲስኳ ግን የለችም፤ በጁን ዲጂታል ቆጣሪ ገጠሙልኝ፤ እሱ ወደ ኋላ አይቆጥርም። ዘንድሮ ልግዛ ለምትሉ፣ ዋጋው ወርዷል፤ ጎረቤቴ ተመሳሳዩን በ340 ዩሮ ነው ያገኘው። በረንዳችሁ ላይ ዛፍ ወይም ሕንፃ ጥላ የሚጥል ከሆነ ግን ደግማችሁ አስቡ። ባለብዙ ቀዳዳ ማራዘሚያ ላይ አትሰኩት። ጀርመን ውስጥ የተመዘገቡት በ2025 አጋማሽ ከአንድ ሚሊዮን አልፈዋል። አሜሪካ ላላችሁ ደግሞ ዩታ በማርች 2025 እስከ 1200 ዋት የሚሰካ ሶላር ፈቅዳለች።

ለእማዬ ደውዬ ስነግራት ደስታዋ ሌላ ነበር። ደብረ ብርሃን ናት።

«ታዲያ መብራት ሲሄድ አንቺ ቤት ይበራላ!»

«አይበራም እማዬ።»

«ፀሐይ እያለ?»

«ፀሐይ እያለም።»

ዝም አለች። «እና ምኑን ሶላር ሆነ?»

ልክ ናት። የኔው መስመር ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል፤ ካልጠፋ ምሰሶ ላይ የወጣውን ሠራተኛ ሊገድለው ይችላል። ለሷ የሚያስፈልገው ሌላ ነው፤ ባትሪ ያለው። ግድቡ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ሲመረቅ እሷ ቴሌቪዥን ፊት፣ እኔ እዚህ እልል ብለናል። ሰፈሯ ግን መብራት የሚሄደው ምሰሶ ሲወድቅ፣ ትራንስፎርመር ሲቃጠል ነው።

ለገና ስሄድ ሠራንላት። ባለ 300 ዋት ፓነል፣ ቻርጅ መቆጣጠሪያ፣ ባለ 12 ቮልት 100 አምፔር ሰዓት ሊትየም ባትሪ፣ ባለ 1000 ዋት ኢንቨርተር። አሲድ ያለው ባትሪ ይረክሳል፤ ግን በየማታው ከግማሽ በታች ሲወርድ ቶሎ ይሞታል። ስለዚህ ሊትየሙ ላይ አልተደራደርኩም። ቴክኒሻኑ ፓነሉን ሱቁ በር ላይ ፀሐይ ላይ አውጥቶ በመልቲሜትር ሳይለካ አልከፈልኩም። ጀርባው ላይ የተጻፈው ዋት ሌላ፣ ውስጡ ሌላ የሆነ ስንት አለ። ምጣድና ምድጃ አይነካውም። አራት አምፖል፣ ቴሌቪዥንና ስልክ ግን ያለ ጭንቀት ያሳድራል።

ባለፈው ሳምንት ማታ ደወለች። መብራት ከሄደ ሦስት ሰዓት ሆኖት ኖሯል፤ እሷ አላወቀችም። ጎረቤቷ ሻማ ልትበደር መጥታ ነው የነገረቻት።

«ሻማ የለኝም አልኳት» አለችኝ። «ስልኳን ሰክታ፣ ቡና ጠጥታ ሄደች።»