ፕሪንትኤፍን በራሴ ፈንክሽን ስጠቀልል የገጠመኝ

ሜክሲኮ አደባባይ አጠገብ በሚገኘው ቢሯችን፣ በሲ የፕሮግራም ቋንቋ ለተጻፈ የወረፋ ቁጥር አዳይ ፕሮግራም የሎግ ፈንክሽን፣ ማለትም የሚሆነውን የሚመዘግብ ክፍል፣ የመጻፍ ሥራ ደረሰኝ። የሚፈለገው፣ እንደ ፕሪንትኤፍ (የሲ የጽሑፍ ማተሚያ ፈንክሽን) ፎርማት፣ ማለትም የመልእክቱን ቅርጽ፣ እና የፈለጉትን ያህል አርጊውመንት (ግብዓት) ተቀብሎ መልእክቱን በስክሪንም በፋይልም የሚጽፍ ፈንክሽን ነበር።

መጀመሪያ በቪኤ ስታርት ያዘጋጀሁትን ቪኤ ሊስት፣ ማለትም ብዛታቸው ያልተወሰነ አርጊውመንቶችን ተራ በተራ ማንበቢያውን፣ በቀጥታ ለፕሪንትኤፍ ሰጠሁት። ኮምፓይለሩ ምንም ሳይል አሳለፈው፤ «ቁጥር 47» መውጣት ሲገባው ግን ፕሮግራሙን ባስነሣሁ ቁጥር የሚለዋወጥ እንግዳ ቁጥር ታተመ፤ የታተመው የሜሞሪ አድራሻ ቁራጭ ነበር። በሦስት ነጥብ (ብዛቱ ያልተወሰነ አርጊውመንት መቀበያ ምልክት) የተቀበሉትን አርጊውመንት እንዳለ ለሌላ ፈንክሽን ማሻገሪያ መንገድ ሲ የለውም፤ ስታንዳርድ ላይብረሪውም እንደ ቪፕሪንትኤፍ ያሉ፣ ቪኤ ሊስት የሚቀበሉ አቻዎችን ያስቀመጠው ለዚሁ ነው።

ያንን አርሜ አንዱን ቪኤ ሊስት መጀመሪያ ለቪፕሪንትኤፍ፣ ቀጥሎ ፋይል ላይ ለሚጽፈው አቻው ለቪኤፍፕሪንትኤፍ ሰጠሁት። ባለ 32 ቢት በሆነው አሮጌ ላፕቶፔ ላይ በትክክል ሠራ፤ ባለ 64 ቢቱ የቢሮ ሊኑክስ ላይ ግን ስክሪኑ ደህና ሆኖ ሳለ ፕሮግራሙ ፋይሉ ላይ ሲደርስ ወደቀ። ግማሽ ቀን የፈጀብኝ ይህ ነው፤ ጥፋቱንም የፋይል ፈቃድ ላይ ስፈልግ ነበር። በ32 ቢቱ ቪኤ ሊስት ስታክ (አርጊውመንቶቹ የተቀመጡበት የሜሞሪ ክፍል) ላይ የሚያመለክት ተራ ፖይንተር (የአድራሻ መያዣ) ስለሆነ ለተጠሪው ፈንክሽን የሚደርሰው ቅጂው ነው፣ የእኔው ከቦታው አይነቃነቅም። በ64 ቢቱ ግን እስከ 6 የኢንቲጀር አርጊውመንቶች በሬጅስተር (በፕሮሰሰሩ ውስጥ ባለ ማስቀመጫ) ስለሚተላለፉ፣ ቪኤ ሊስት የትኛው እንደተነበበ የሚቆጥር ስትራክት (የተለያዩ እሴቶች ጥቅል) ያለበት ባለ አንድ አባል አሬይ (ድርድር) ነው፤ አሬይ ደግሞ በአድራሻው ስለሚተላለፍ ቪፕሪንትኤፍ የእኔኑ ቆጣሪ ወደፊት ገፍቶታል። ሁለተኛው ንባብ በመልእክቱ ውስጥ ያለውን የአገልግሎት መስኮቱን ስም ሲፈልግ ያገኘው ከአርጊውመንቶቹ ማዶ ያለ ቆሻሻ ነበር። ላፕቶፔ ላይ መሥራቱም ዕድል እንጂ ትክክል አልነበረም፤ ስታንዳርዱ ከእንዲህ ዓይነቱ ጥሪ በኋላ ቪኤ ሊስቱን ዳግም ማንበብን አይፈቅድም። ሲ99 ባመጣው ቪኤ ኮፒ አስቀድሜ ቅጂ ወስጄ፣ ሁለቱንም በቪኤ ኤንድ ዘጋሁ።

አሁን ዋናውን ሥራ ቪኤ ሊስት በሚቀበለው ፈንክሽን ውስጥ አስቀምጬ፣ ባለ ሦስት ነጥቡን የአራት መስመር ሽፋን ብቻ አድርጌዋለሁ። ፎርማቱና አርጊውመንቶቹ መስማማታቸውን ኮምፓይለሩ እንዲፈትሽ በሚያደርገው በጂሲሲ (የምጠቀምበት ኮምፓይለር) የፎርማት ምልክትም አስጌጥኩት፤ ያኔ ኮምፓይለሩ በፐርሰንት ዲ (የተራ ኢንቲጀር ማተሚያ) ፋንታ ፐርሰንት ኤልዲ (የሎንግ ኢንቲጀር ማተሚያ) የሚያስፈልጋቸውን ሦስት የቆዩ ጥሪዎች አወጣልኝ። ቪኤ ሊስት ለሚቀበለው ፈንክሽን የምልክቱ የመጨረሻ ቁጥር 0 መሆን አለበት፤ እኔ 3 ብዬ ጽፌ ኮምፓይለሩ መልሶልኛል።