በገላን ያየሁት ደብተር

ለጥራት ሽልማት የሚወዳደሩ ድርጅቶችን በበጎ ፈቃድ እገመግማለሁ። ክፍያ የለውም። «ታዲያ ምን ታገኛለህ?» ለሚሉኝ መልሴ ገላን ያለው የሳሙና ፋብሪካ ነው።

የፋብሪካው ማመልከቻ «የደንበኛ ቅሬታ በሥርዓት ይመዘገባል» ይላል። ሥራ አስኪያጁ ያማረ ሰንጠረዥ አሳዩን። እኔ ግን የመጋዘን ኃላፊ የሆኑትን እናት ማነጋገር ፈለግሁ። «እናታችን፣ ዕቃ ሲመለስ ምን ያደርጋሉ?» ስላቸው ጠርዙ የተበላ ደብተር አወጡ። ቀኑ፣ የመኪናው ታርጋ፣ የተመለሰበት ምክንያት ሁሉ በእጃቸው ተጽፏል። ከመርካቶ የሚመለሰው ካርቶን በአብዛኛው በክረምት ዝናብ የረጠበ መሆኑን ደርሰውበት፣ ጭነቱ ሸራ እንዲለብስ ያስደረጉት እርሳቸው ናቸው። ማመልከቻው ግን ስለዚህ አንድ መስመር እንኳ አልጻፈም! እንዲህ ያለ ዕውቀት ተሸፍኖ ሲቀር ያንገበግበኛል።

የጥራት ሽልማት ሲነሳ ስሙ ቀድሞ የሚጠራው፣ በአሜሪካ በ1987 እ.ኤ.አ. በሕግ የተቋቋመው የባልድሪጅ ሽልማት፣ ለረጅም ዓመታት ከ1000 ነጥብ 450ውን ለውጤት ሰጥቷል። ትክክል ነው፤ አሠራሩ ምን ለወጠ ተብሎ መጠየቅ አለበት። ደብተሩም ይህን ይመልሳል፤ ሸራው ከመጣ በኋላ በእርጥበት የሚመለሰው ካርቶን ገጽ በገጽ እየቀነሰ ሄዷል።

ነጥብ ለማስማማት ስንቀመጥ አንድ ባልደረባዬ «ኮምፒውተር ውስጥ ያልገባ ሥርዓት አይባልም» አለ። ብዙ ተከራከርን። በመጨረሻ ምዝገባው በጠንካራ ጎን፣ ወደ ሌሎቹ መጋዘኖች አለመስፋፋቱ ደግሞ መሻሻል በሚገባው ሥር እንዲጻፍ ተስማማን።