ጉትቻዎቼ ግድግዳ ላይ ወጡ

ለዓመታት ጉትቻዎቼ የሚኖሩት ብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ነበር። አንዱን ለማውጣት ሁሉንም መገልበጥ ነው። ሐብሎቼ ደግሞ እርስ በርስ ይተበተባሉ። ጠዋት ሥራ እየረፈደብኝ ቋጠሮ እፈታለሁ።

መፍትሔው ለካ ዓይኔ ሥር ነበር። ሐረር፣ ጀጎል ግንብ ውስጥ የሐረሪ ባህላዊ ቤት የገባ ሰው ያውቃል። ግድግዳው በባለቀለም ስፌት ያጌጠ ነው። ስፌቱ ዕቃም ነው፣ ጌጥም ነው። ታዲያ የእኔስ ለምን አይሰቀልም?

ጎረቤቴን እማማን ጠርዙ የተበላ አሮጌ ሰፌድ ለመንኳቸው። «ልጄ፣ ይሄ ምን ያደርግልሻል?» አሉኝ። ስነግራቸው ወስፌያቸውን አነሱና ጠርዙን በቀይ አለላ ጠገኑልኝ። ያ ቀይ መስመር ከሁሉም በላይ ደስ ይለኛል። ቀጥ ብሎ አልሄደም፤ የእጅ ሥራ መሆኑ ያስታውቃል።

የሰፌዱ ፊት ላይ ሦስት ጠንካራ ክር አግድም ወጠርኩ። ጉትቻዎቹ እዚያ ላይ ይንጠለጠላሉ። ከታች ሰባት የመጋረጃ መንጠቆ ሰፋሁበት፤ ለእያንዳንዱ ሐብል አንድ። ከዚያ ወዲህ ቋጠሮ የለም።

መጀመሪያ በአንድ ምስማር ሰቀልኩት። ቤታችን የድንጋይና የጭቃ ስለሆነ ልስኑ ተፈረፈረና ሌሊት ዱብ አለ። አንዲት የዶቃ ጉትቻዬ ተሰበረች፤ በጣም አዘንኩ። አሁን ቀዳዳው ውስጥ የእንጨት ሽብልቅ አስገብቼ ምስማሩን እሱ ላይ መታሁት። ንቅንቅ አላለም።

የእናቴን የብር አምባር ግን አልሰቅለውም። ብር አየር ላይ ሲቆይ ይጠቁራል። በጥጥ ጨርቅ ጠቅልዬ መሳቢያ ውስጥ አኑሬዋለሁ።

ለሻሾቼ ሁለተኛ ሰፌድ እየፈለግኩ ነው። እማማ አንድ አላቸው፤ እስካሁን ግን ጤፍ ያበጥሩበታል።