አውቶቡስ ቢገጨኝስ

ከትናንት ጀምሮ ደብሮኛል። ለምን እንደሆነ ብትጠይቁኝ መልስ የለኝም። ያለሁት ፓይተን በሚባለው የኮምፒውተር ቋንቋ የሚጽፉ ሰዎች ጉባኤ ላይ ነው። ጉባኤው ጥሩ ነው፣ ሰዉ ጥሩ ነው፣ ሁልጊዜ የሚያስለቅሰን ዋይፋይ እንኳ ዘንድሮ ይሠራል። ዓመቱን ሙሉ በስክሪን ብቻ የማውቃቸው ሰዎች በአካል ቆመው ሲስቁ ማየትም ደስ ይላል፤ በጽሑፉ ቁጡ ይመስለኝ የነበረው ሰውዬ ሳገኘው ዓይን አፋር ሆኖ አረፈው፣ ሰላም ለማለት እንኳ ወለል ወለሉን ነበር የሚያየው። ግን አንዳንድ ቀን እንዲህ ነው። ሰው መሐል ተቀምጦ ሰው ይሰለቻል። ቅሬታ እንዳይመስልባችሁ፣ ነገሩ ከውስጤ እንዲወጣ ያህል ነው የምጽፈው።

ጠዋት ስለ ጂል የሚነገርበት አዳራሽ ገባሁ። እዚህ የምታነቡኝ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ለማታውቁት በአጭሩ፣ ፓይተን ውስጥ በአንድ ጊዜ አንድ ትሬድ (የሥራ ክር) ብቻ ኮድ እንዲያስኬድ የሚያደርግ ቁልፍ ነው። ኮምፒውተሩ ስምንት ኮር (የማስሊያ ክፍል) ቢኖረውም አንዱ ሲሠራ ሰባቱ ቆመው ያያሉ ማለት ነው። ቁልፉን የማንሳት ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ2023 ተቀባይነት አገኘ፤ በ2024 በወጣው የፓይተን እትም፣ 3.13፣ ለሙከራ ገባ፤ በ2025 በወጣው 3.14 ደግሞ ሙከራነቱ ቀርቶ፣ የፈለገ ሰው ሊመርጠው የሚችል፣ በይፋ የሚደገፍ አማራጭ ሆነ። ይህን ሁሉ ከዚህ በፊት አንብቤዋለሁ። የገባሁት ወንበሩ ስለሚመች ነው ብል ውሸት አይሆንም።

ተናጋሪዋ ጎበዝ ነች። ላፕቶፗ ከፕሮጀክተሩ ጋር አልናበብ ብሎ መሰኪያ ከየኪሱ እየወጣ ሲሞከር እንኳ አልደነገጠችም፣ ስለ ድመቷ እያወራች አቆየችን። ከዚያ ገባችበት። ቁልፉ በተነሳበት ፓይተን ውስጥ፣ ሲ በሚባለው ሌላ ቋንቋ የተጻፈና ለዚህ መዘጋጀቱን ያላሳወቀ ላይብረሪ (ሌሎች ፕሮግራሞች የሚጠቀሙበት ዝግጁ ኮድ) ሲጠራ፣ ፓይተን ማስጠንቀቂያ ይጽፍና ቁልፉን ለመላው ፕሮግራም ይመልሰዋል። አንድ ያልተዘጋጀች ቁራጭ ሁሉንም ታስራለች። «ስለዚህ ከዚህ በኋላ ያለው የላይብረሪ ባለቤቶች ሥራ ነው» አለችና ወደሚቀጥለው ስላይድ አለፈች። እሷ አለፈች እንጂ እኔ እዚያው ቀረሁ።

ምክንያቱም ያቺ የተበላሹ ሲኤስቪ ፋይሎችን (በኮማ የተለያዩ ሠንጠረዦችን) የምታቃናው ላይብረሪዬ፣ መሐሏ ላይ ለፍጥነት ብለን በሲ የጻፍናት ቁራጭ አለች። «ጻፍናት» እላለሁ እንጂ እኔ አይደለሁም። የጻፋት አብሮኝ ይሠራ የነበረ ጓደኛዬ ነው። ሁለት ሆነን ነበር የጀመርነው። እሱ «በቃኝ» አላለም፣ አልተሰናበተም፣ አልተጣላንም። የመጨረሻ ኮሚቱ (ያስገባው ለውጥ) ሪድሚው፣ ማለትም መግለጫው ጽሑፍ ውስጥ አንድ ኮማ ያስተካከለበት ነው። ከዚያ ዝም። ሥራ ቀየረ፣ ልጅ ወለደ፣ ደህና ነው፤ አልፎ አልፎ የእንኳን አደረሰህ መልእክት እንለዋወጣለን። ስለ ላይብረሪዋ ግን አንዳችንም አናነሳም፤ እንደተፋቱ ሰዎች ስለ ዕቃው አናወራም።

መሥሪያ ቤት የሚለቅ ሰው ደብዳቤ ይጽፋል፣ ንብረት ያስረክባል፣ ቁልፍ ይመልሳል። ማንም ሳይቀጥረው የጀመረውን ሥራ የሚለቅ ሰው ግን ለማን ነው የሚያስረክበው? ኮማ ያስተካክልና ይሄዳል።

ንግግሩ ሲያልቅ ወደ ኮሪደሩ ወጣሁ። የቆየ ጉባኤተኛ ሁሉ እንደሚያውቀው ንግግሮቹ ኋላ በቪዲዮ ይገኛሉ፤ የማይገኘው ኮሪደሩ ነው። ክብ ሠርታችሁ ስታወሩ ለሚመጣ ሰው የሚሆን ክፍተት ተዉ የሚል ደንብ አለ፣ ጥሩ ደንብ ነው፣ እኔም ለአዲስ ሰው ሁሉ እሰብከዋለሁ። ዛሬ ግን ክፍተት ያለበትን ክብ ሁሉ እየዞርኩ አልፌ ሶኬቱ አጠገብ ወለል ላይ ተቀመጥኩ። ቻርጅ የሚያደርግ ሰው ሰበብ አለው፣ ማንም አይጠይቀውም።

አንድ ሰው ግን ጠየቀኝ። ባጄ እንደ ልማዱ ተገልብጦ ስፖንሰሮቹን ያስተዋውቃል። ልጁ ቁጢጥ ብሎ፣ ዞር እስክትል ጠብቆ፣ አነበባት። «እርስዎ ነዎት እንዴ?» አለኝ። (አንቱታው ራሱን የቻለ ጉዳት ነው፣ ልለፈው።) የሚሠራበት ቦታ በየሌሊቱ የሚገባው ዳታ በሙሉ በላይብረሪዬ በኩል እንደሚያልፍ ነገረኝ። ሊያስደስተኝ ብሎ ነው፣ ፊቱ ያበራል። የእኔ ሆድ ባር ባር አለ። «ምን ዓይነት ዳታ?» አልኩት። «ሁሉንም!» አለኝ።

የሚገርመው፣ ለዓመታት «ማንም አይጠቀምባትም» እያልኩ ነው ያረፍኩት። ማንም አይጠቀምባትም ማለት ማንም አይጠብቀኝም ማለት ነው። ቅዳሜዬ የእኔ ነው፣ ብታመም ታምሜ እተኛለሁ ማለት ነው። ልጁ ምስጋና ይዞልኝ መጣ፣ እኔ የተቀበልኩት ዕዳ ነው። ፎቶ ተነሳንና ሄደ። ከዚያ በኋላ የነበረውን ንግግር አላስታውሰውም። ሐሳቤ አውቶቡሱ ላይ ተሳፍሯል።

አውቶቡሱን ታውቁታላችሁ። አንድ ፕሮጀክት ስንት ሰው ላይ እንደተንጠለጠለ ስንለካ በአውቶቡስ ነው የምንለካው፤ ስንት ሰው ቢገጭ ነው ሥራው የሚቆመው? የእኔ ቁጥር አንድ ነው። ያውም አውቶቡስ አያስፈልግም፣ ብስክሌት ይበቃል።

ጊዶ ቫን ሮሰም ፓይተንን መጻፍ የጀመረው በ1989 የገና እረፍቱ ላይ፣ አምስተርዳም ውስጥ ነው፤ በ1991 ለሕዝብ አወጣው። በ1994 አንድ ተጠቃሚ በውይይት መድረኩ ላይ «ጊዶን አውቶቡስ ቢገጨውስ?» የሚል ጥያቄ ለጠፈ። ቀልድ ይመስላል፣ ግን በአንድ ሰው ጭንቅላት ላይ በቆመ ቋንቋ ሥራውን ሊሠራ ያሰበ ሰው ሌላ ምን ይጠይቅ? በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ሜሪላንድ ውስጥ በአሜሪካ የደረጃዎች ተቋም የመጀመሪያው የፓይተን ዎርክሾፕ ተካሄደ፤ የተገኘው ሃያ ሰው ገደማ ነበር። ይህ ሁሉ ባጅ፣ ይህ ሁሉ ተለጣፊ፣ ይህ ሁሉ ሰልፍ የመጣው ከዚያች ክፍል ነው። በቋንቋው ስም የምንጠራው ትልቁ ጉባኤ እንኳ ገና በ2003 ነው የጀመረው። ጥያቄው ከጉባኤው ይበልጣል በዕድሜ።

ጊዶን አውቶቡስ አልገጨውም። ያስወጣው ሁለት ነጥብና እኩል ይሆናል ምልክት ነው።

ጎን ለጎን ሲሆኑ ዋልረስ የሚሉትን የባሕር እንስሳ ስለሚመስሉ በዚያው ስም ቀሩ፤ ነጥቦቹ ዓይኑ፣ ሁለቱ ሰረዞች ጥርሱ። ሥራው ቀላል ነው። አንድ ዋጋ ስም እየተሰጠው እዚያው ቅድመ ሁኔታ ውስጥ እንዲፈተሽ ያደርጋል። ፋይል ቁራጭ በቁራጭ የምታነብ ሉፕ (እየተደጋገመ የሚሠራ ኮድ) የጻፈ ሰው ጥቅሙን ያውቀዋል፤ የማንበቢያውን መስመር አንዴ ከሉፑ በፊት፣ አንዴ በውስጡ መድገም ይቀርለታል። ከዚያ ውጭ ብዙም አልወደውም፣ የሰው ኮድ ሳነብ ያደናቅፈኛል። ሐሳቡ ፔፕ (የፓይተን ማሻሻያ ሐሳብ) 572 ተብሎ በ2018 ሲቀርብ የተጻፈው ጽሑፍ ግን ስለ ሁለት ምልክት የተጻፈ አይመስልም። ስለ አገር ድንበር ነው የሚመስለው። ጊዶ ሐሳቡን አጸደቀው፤ በፈረንጆቹ ሐምሌ 12 ቀን ደብዳቤ ጻፈ፤ ከውሳኔ ሰጪነት ሙሉ በሙሉ ወጣ።

ደብዳቤውን ኮሪደሩ ላይ ተቀምጬ በስልኬ እንደገና አነበብኩት። ለአንድ ሐሳብ ይህን ያህል ታግሎ ያን ያህል ሰው ውሳኔውን ሲንቀው ዳግመኛ ማየት እንደማይፈልግ ይናገራል። በወቅቱ ሳነበው ትኩረቴን የሳበው ይህ መስመር ነበር፤ ቅያሜ ሆኖ ነው የተሰማኝ። ዛሬ ግን ዓይኔ ዝቅ ብላ ያለች መስመር ላይ ወደቀ። መቼም አንድ ቀን መሆኑ አይቀርም ይላል፣ ያ አውቶቡስ አሁንም ጥግ ላይ አድፍጧል፣ እኔም ወጣት እየሆንኩ አይደለም፣ የሕመሜን ዝርዝር ግን ልተውላችሁ። ከሃያ አራት ዓመት በኋላ አውቶቡሱን አልረሳውም! ሁላችንም ስንቀልድበት እሱ በየመንገዱ ዞር ብሎ እያየ ነው የኖረው ማለት ነው።

ተተኪም አልሾመም። ታዲያ ምን ልታደርጉ ነው ብሎ ጠየቃቸው፦ ዲሞክራሲ? ሥርዓት አልበኝነት? አምባገነንነት? ፌዴሬሽን? እነሱም ፕሮግራመር ናቸውና መልሱን ቁጥር እየሰጡ አስቀመጡት። ከ8010 እስከ 8016 የአስተዳደር ሐሳቦች ተጻፉ፣ በታኅሣሥ ድምፅ ተሰጠ፣ 8016 አሸነፈ። አምስት ሰዎች ያሉት ምክር ቤት ይመረጣል፤ ከአምስቱ የአንድ ቀጣሪ ሠራተኞች ከሁለት መብለጥ አይችሉም። በ2019 መጀመሪያ የመጀመሪያዎቹ አምስት ሲመረጡ አንዱ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ጊዶ። በበር ወጥቶ በመስኮት ገባ። ለቀጣዩ ምርጫ ግን ራሱን አገለለ። በ2019 ከሥራም ጡረታ ወጣ። በ2020 ደግሞ ጡረታ ሰለቸኝ ብሎ ማይክሮሶፍት ገባ። ይህን ሰውዬ የምወደው በዚህ ነው፣ መውጣት እንኳ በአንድ ጊዜ አይሆንለትም።

ነገሩን ግን አላሳምረው። ደብዳቤው «ልታደርጉ ነው» የሚላቸው ሰዎች ነበሩት። የሚጣሉ፣ የሚንቁ፣ የሚያደክሙ፣ ግን የነበሩ ሰዎች። እኔ ነገ እንዲህ ያለ ደብዳቤ ብጽፍ አንባቢዬ ቦት (በራሱ የሚመልስ ፕሮግራም) ነው፤ «ይህ ኢሹ ለረጅም ጊዜ ምላሽ ስላላገኘ ተዘግቷል» ይለኛል። ሰው ስለ መተካካት ሲያወራ ሁልጊዜ የሚያነሳው የትልልቆቹን ነው። ዓለም የቆመችው ግን እንደ እኔዋ ባሉ ትንንሽ ነገሮች ላይ ነው፤ አንድ ሰው ይጽፋቸዋል፣ አንድ ሰው ኮማ ያስተካክላል፣ የሆነ መሥሪያ ቤት በየሌሊቱ ዳታውን ያሳልፍባቸዋል፣ ምርጫ የሚጠራ የለም።

ስለዚህ ከሰዓት በኋላ ወሰንኩ። ከአዳራሹ ራቅ ያለ ጠረጴዛ ፈልጌ፣ ላፕቶፔን ከፍቼ፣ «ተረካቢ ይፈለጋል» የሚል ርዕስ ጻፍኩ። ውስጥ የላይትኒንግ ቶክ ሰዓት ነው፤ አምስት ደቂቃው ሲሞላ ሕዝቡ ተናጋሪውን በጭብጨባ እያስወጣ ነው። ጥሩ ሥርዓት ነው እሱም፣ ሰው መቼ ማቆም እንዳለበት ይነገረዋል።

ከርዕሱ ሳላልፍ ያ ልጅ ላፕቶፑን ታቅፎ መጣ። «የጠዋቱን ንግግር ሰምተው ነበር?» አለኝ። ሰምቷል፣ ሄዶ የእኔን ኮድ ከፍቷል፣ ችግሩን አግኝቷል። በሲ የተጻፈችው ቁራጭ መስመሮችን የምታጠራቅምበት አንድ ማከማቻ አላት፤ ሁሉም ትሬድ ያቺኑ ይጋራል። ቁልፉ እስካለ ድረስ ምንም አይደለም፤ ቁልፉ ሲነሳ የአንዱ ፋይል መስመር የሌላው ውስጥ ይገባል። ልጁ ለእያንዳንዱ ጥሪ የራሱን ማከማቻ ሰጥቶታል። ፈተናዎቹን በቁልፍም ያለ ቁልፍም አስኪዷል፣ ሁሉም አረንጓዴ ነው። ለውጡ አጭር ነው፣ ንጹሕ ነው፣ እኔ ብጽፈው እንዲህ አይወጣልኝም።

እኔም መስመር በመስመር አነበብኩትና «ይህን ነገር ለምን ስቴት አልከው? ኮንቴክስት ነው መባል ያለበት» አልኩት።

«ስቴት ይሻላል» አለኝ፣ በትሕትና።

ለምን እንደማይሻል አስረዳሁት። ለምን እንደሚሻል አስረዳኝ። አዳራሹ ተለቀቀ፣ ወንበር ሰብሳቢዎቹ መጡ፣ እኛ አልጨረስንም። አሁን ከእኩለ ሌሊት አልፏል። ከፊቴ ሦስት ገጽ ተከፍቷል። በአንዱ ላይ «ተረካቢ ይፈለጋል» የሚለው ርዕስ ብቻውን ቆሟል። በሁለተኛው ላይ ለልጁ ሙሉ ፈቃድ የሚሰጠው ቁልፍ አለ፤ ስሙን አስገብቼለታለሁ፣ መጫን ብቻ ነው የቀረው። በሦስተኛው ላይ «ኮንቴክስት» ለምን ትክክል እንደሆነ በምሳሌ የሚያስረዳ አስተያየት እየጻፍኩ ነው፣ አራተኛ አንቀጽ ላይ ደርሻለሁ። የሌሎች ፕሮጀክቶችን ልምድ ሁሉ አካትቻለሁ።

ፈቃዱን አሁን ብሰጠው እኮ «ስቴት» የሚለውን ስም ሳይጠይቀኝ ሊያስገባው ይችላል። ማስረከብ ማለት ይህ ነው እንዴ? ጊዶ እንዴት ቻለው?

ልጁ አሁን ጻፈልኝ። «እርስዎ አይተኙም እንዴ?» ይላል።